ቆዳችን በምን ተያይዟል? ስለ ሕዋሳት መጋጠሚያ ለአንዲት ነርስ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «በቆዳ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ፔምፊገስ የሚባል ሕመም ያለባቸውን አንዲት እናት እየተንከባከብኩ ነው። ቆዳቸው በእጅ ሲነካ እንኳ ይላጣል፤ አፋቸው ውስጥም ቁስል አለ። የናሙናው ውጤት ‹የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ተለያይተዋል፤ የታችኛው ረድፍ ግን በቦታው አለ› ይላል። ትምህርት ቤት ሳለን ሕዋሳት በመካከላቸው ባለ ሲሚንቶ መሰል ነገር ይያያዛሉ እንባል ነበር። በእርግጥ የሚያያዙት በምንድን ነው? የታችኛው ረድፍ ለምን ሳይለቅ ቀረ? መጋጠሚያው መያዣ ብቻ ነው ወይስ ሕዋሳቱ በእሱ በኩል መልእክትም ይለዋወጣሉ?»

የመጨረሻውን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስና ወደ መጀመሪያው ልመለስ። አዎ፣ መልእክት ይለዋወጣሉ። ከዚህም በላይ መያያዙና መልእክት መለዋወጡ በብዙ ቦታ ተነጣጥለው የሚቆሙ ሥራዎች አይደሉም፤ መያዣው ሲላላ ንግግሩ ይበላሻል፤ መያዣው ራሱም ለሕዋሱ ውስጥ ወሬ ያቀብላል። እርስዎ በየቀኑ የሚያዩት ሕመም ይህን ለማስረዳት ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚመረጥ ስለሆነ መልሴን በእሱ ላይ እመሠርታለሁ።

ሲሚንቶ የሚለው አገላለጽ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት የወረስነው ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ግን ግድግዳውን ያቆመው ጭቃው ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ቋሚው ከማገሩ ጋር በየመገናኛው በልጥ ካልታሰረ ጭቃው አንድ ክረምት አይሻገርም። የቆዳ ሕዋሳትም የተያያዙት በዚህ መልክ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ኬራቲን የሚባል የፕሮቲን ክር አለ። ክሩ ወደ ሕዋሱ ሽፋን ሲደርስ በወፍራም የፕሮቲን ንጣፍ ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ንጣፍ ላይ ተነሥተው ሽፋኑን አልፈው ወደ ውጭ የሚወጡ ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ ከጎረቤት ሕዋስ የወጡ አቻዎቻቸውን ይይዛሉ። እንግዲህ የተያያዙት ሁለቱ ሽፋኖች ብቻ ሳይሆኑ በሁለቱ ሕዋሳት ውስጥ ያሉት ማገሮች ናቸው። ቆዳችንን በአንድ በኩል ስንጎትተው ኃይሉ በጥቂት ሕዋሳት ላይ ተከማችቶ የማይሰነጥቃቸው፣ ይልቁንም ከማገር ወደ ማገር እየተላለፈ በብዙ ሺህ ሕዋሳት ላይ የሚከፋፈለው ስለዚህ ነው።

ይህ ማሰሪያ ዴስሞሶም ይባላል፤ ስሙም ማሰሪያና አካል ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቆዳን ሕዋሳት በተራ ማይክሮስኮፕ ሲመረምር በመካከላቸው እንደ እሾህ የቀጠኑ መስመሮችን፣ በመስመሮቹም መሐል ጥቃቅን ነጠብጣቦችን አይቶ፣ ነጠብጣቦቹ ሁለት ሕዋሳት የሚነካኩባቸው ቦታዎች ናቸው ብሎ ነበር። ከእሱ በኋላ ብዙዎች መስመሮቹ የአንዱ ሕዋስ ውስጠኛ ፈሳሽ ወደ ሌላው የሚያልፍባቸው ድልድዮች ናቸው እያሉ ለረጅም ዘመን አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ላይ ሲውል ግን ቢዞዜሮ ትክክል እንደነበር ታየ፤ ሁለቱ ሽፋኖች በዴስሞሶሙ ቦታ ላይ እንኳ አይዋሐዱም፤ በመካከላቸው 30 ናኖሜትር ያህል፣ ማለትም 1 ሚሊሜትር ለ1 ሚሊዮን ቢከፈል የ30ው ክፍል ያህል፣ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱንም የሚሞሉት ተያያዥ ፕሮቲኖች ናቸው። በትምህርት ላይ እሾሃማ ሽፋን ብለው ያጠኑት የቆዳ ንብርብር ስሙን ያገኘው ከእነዚያ መስመሮች ነው። እሾሁ በሕይወት ባለ ቆዳ ላይ የለም። ናሙናው ለምርመራ ሲዘጋጅ ውሃ ያጣል፤ ሕዋሳቱ ይኮማተራሉ፤ በዴስሞሶም የታሰሩባቸው ቦታዎች ግን አንለቅም ስለሚሉ ሽፋኑ እዚያ ቦታ ላይ እየተወጠረ እሾህ ይመስላል። የመያዣውን ጥንካሬ ለተማሪዎች ሳስረዳ ሁልጊዜ የማሳየው ይህንኑ ምስል ነው።

ወደ ውጭ ወጥተው እጅ ለእጅ የሚያያዙት ፕሮቲኖች ዴስሞግሌይንና ዴስሞኮሊን ይባላሉ። ፔምፊገስ ቩልጋሪስ በሚባለው የሕመሙ ዓይነት የሰውነት መከላከያ በስሕተት ዴስሞግሌይን 3 በሚባለው ላይ፣ በብዙ ሕመምተኞችም በዴስሞግሌይን 1 ላይ ጭምር፣ ፀረ አካል ያመርታል። ሁለቱ ቁጥሮች ለሕክምና ባለሙያ ትልቅ ትርጉም አላቸው። በቆዳ ላይ ዴስሞግሌይን 3 የሚበዛው በታችኛው የንብርብሩ ክፍል ሲሆን ዴስሞግሌይን 1 ደግሞ ወደ ላይኛው ክፍል እየበዛ ይሄዳል፤ በአፍ ውስጥ ግን ከታች እስከ ላይ ሥራውን በአብዛኛው የተሸከመው ዴስሞግሌይን 3 ነው። ፀረ አካሉ 3ን ብቻ ሲያጠቃ ቆዳ ላይ ያለው 1 የጎደለውን ስለሚያሟላ ቆዳው ብዙም ሳይጎዳ አፍ ይቆስላል። ብዙ ሕመምተኞች ቆዳቸው ውሃ መቋጠር ከመጀመሩ ከወራት በፊት በማይድን የአፍ ቁስል የሚሰቃዩት፣ እኛም ጥርስና ድድ እያከምን ጊዜ የምናጠፋው ለዚህ ነው። ፀረ አካሉ ሁለቱንም ማጥቃት ሲጀምር የሚያሟላ አይኖርምና ቆዳውም ይለቃል። ያቺ እናት አሁን ያሉት በዚህ ደረጃ ላይ ይመስለኛል።

በተቃራኒው 1 ብቻ ሲጠቃ አፍ ይተርፋል፤ ቆዳው ግን በላይኛው ክፍሉ ብቻ ይላጣል። ፔምፊገስ ፎሊያሲየስ የሚባለው ዓይነት ይህ ነው። የሚገርመው ነገር፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው አንድ መርዝ ይህንኑ ዴስሞግሌይን 1 እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። በልጆች ላይ የምናየው ውሃ የሚቋጥር ኢምፔቲጎ፣ በጨቅላዎችም ቆዳውን በሙቅ ውሃ የተቀቀለ የሚያስመስለው ከባድ ሕመም የሚመጡት ከዚህ መርዝ ነው፤ በእነዚህም ሕመሞች የአፍ ውስጥ ገጽ አይቆስልም። አንዱ የመከላከያ ስሕተት፣ ሌላው የተሕዋስ መርዝ ሆኖ ሳለ የቆዳው መልክ እንዲህ የሚመሳሰለው ሁለቱም የሚያፈርሱት ያንኑ አንድ ማሰሪያ ስለሆነ ነው። ልዩነቱን ለቤተሰብ ማስረዳት የእርስዎ ድርሻ ሊሆን ይችላልና ይህን ያዙልኝ፦ ኢምፔቲጎ በንክኪ ይተላለፋል፤ ፔምፊገስ ግን በምንም መንገድ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሕመምተኛን ለብቻ ምግብ ማቅረብ፣ ልብስና አልጋ መለየት፣ ልጅ እንዳይቀርብ መከልከል ምክንያት የሌለው ስቃይ ነው።

አሁን የታችኛው ረድፍ ለምን እንደቀረ እንይ። የላይኛው ቆዳ የመጨረሻ ረድፍ ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ማሰሪያ አላቸው። ከጎንና ከላይ ካሉ ጎረቤቶቻቸው ጋር የሚያያዙት በዴስሞሶም ነው፤ ከታች ካለው መሠረት ጋር የሚያያዙት ግን ሄሚዴስሞሶም በሚባል ሌላ ማሰሪያ ነው። ስሙ ግማሽ ዴስሞሶም ማለት ነው፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም የዴስሞሶም ግማሽ ይመስላል፤ የተሠራበት ፕሮቲን ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ወደ መሠረቱ የሚዘልቁት ኢንተግሪን እና ኮላጅን 17 የሚባሉት ናቸው፤ ዴስሞግሌይን በውስጡ የለም። ስለዚህ ዴስሞግሌይንን የሚያጠቃው ፀረ አካል ጎንና ላዩን ሲፈታ መሠረቱን አይነካም። ሕዋሳቱ ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው፣ እግራቸው ግን መሬት ላይ እንደተተከለ፣ በረድፍ የቆሙ የመቃብር ድንጋዮች ይመስላሉ፤ የምርመራ ባለሙያዎችም በዚሁ ስም ይጠሩታል። በሌላ በኩል ቡለስ ፔምፊጎይድ በሚባለው፣ በአብዛኛው አረጋውያንን በሚይዘው ሕመም የሚጠቃው ሄሚዴስሞሶሙ ነው፤ እዚያ መላው የላይኛው ቆዳ ከነረድፉ ይነሣል። የዚያ ውሃ ቋጠሮ ጣሪያው ወፍራም ስለሆነ ተወጥሮ ይቆያል፤ የፔምፊገሱ ግን ጣሪያው ቀጭን ስለሆነ ልፍስፍስ ነው፤ ገና ሳይታይም ይፈነዳል። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ሁልጊዜ ባይቻልም፣ የቋጠሮው መወጠርና መልፈስፈስ የትኛው ማሰሪያ እንደተፈታ የሚናገር ምልክት ነው።

እስካሁን ፀረ አካሉ ፕሮቲኖቹ እንዳይያያዙ መሐል ገብቶ የሚከለክል አድርጌ ነው የገለጽኩት። ይህ ከፊሉ እውነት ነው። ፀረ አካሉ ዴስሞግሌይኑን ሲይዘው ግን ሕዋሱ ውስጥም የኬሚካል መልእክቶች ይነሣሉ፤ ሕዋሱ የተያዙትን ፕሮቲኖች ወደ ውስጥ እየዋጠ ይበትናቸዋል፤ የኬራቲኑም ማገር ከዳር ወደ መሐል ይሰበሰባል። በላቦራቶሪ ይህን የውስጥ መልእክት የሚከለክል መድኃኒት ሲጨመር፣ ፀረ አካሉ እዚያው እያለ እንኳ የሕዋሳቱ መለያየት ይቀንሳል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሕዋስ በማሰሪያው በኩል የጎረቤቱን ሁኔታ እንደሚያዳምጥና በሰማው መሠረት መያዣውን እንደሚያጠብቅ ወይም እንደሚያላላ ነው።

ዴስሞሶም ግን ከመጋጠሚያዎች አንዱ ብቻ ነው። ማሪሊን ፋርኳርና ጆርጅ ፓላዴ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ሥራ እንደ አንጀት ያሉ የውስጥ አካላትን በሚሸፍኑ ሕዋሳት ጎን ላይ መጋጠሚያዎቹ በተወሰነ ቅደም ተከተል እንደሚደረደሩ አሳዩ። ከላይ፣ ወደ አንጀቱ ክፍት ቦታ በኩል፣ ክፍተቱን የሚዘጋው ጥብቅ መጋጠሚያ አለ፤ ከሥሩ አድኸረንስ ጀንክሽን የሚባለው እንደ መቀነት የሚዞር ማያያዣ፤ ከዚያ ዴስሞሶሞቹ በየቦታው ይከተላሉ።

መቀነቱ የተሠራው ካድሄሪን በሚባሉ ፕሮቲኖች ነው፤ ዴስሞግሌይንም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ስማቸው እንደሚጠቁመው ካልሲየም ካላገኙ አይሠሩም፤ በካድሄሪኑ አንጓዎች መካከል የሚገባው ካልሲየም ፕሮቲኑን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ካልሲየሙ ሲወሰድ ይልፈሰፈሳል፤ መያዝም አይችልም። በላቦራቶሪ የሕዋሳትን ንጣፍ ለመበታተን ካልሲየምን የሚያስሩ ፈሳሾች የምንጠቀመው ለዚህ ነው። ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ሕዋሳት ካልሲየም ሲኖርና ሳይኖር እንዴት እንደሚያያዙ በመመርመር ነበር እነዚህን ፕሮቲኖች ያገኛቸው። ካድሄሪን በአብዛኛው የሚይዘው የራሱን ዓይነት ነው። በጽንስ ውስጥ የነርቭ ሥርዓት የሚሆነው ክፍል ከቆዳ ከሚሆነው ሲለይ፣ ሕዋሳቱ ቀድሞ የነበራቸውን ኢ የሚባለውን ካድሄሪን ትተው ኤን የሚባለውን ያወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመሳሰሉት ከሚመሳሰሉት ጋር ይያያዛሉ፤ አንዱ ንጣፍ ከሌላው ይለያል። የአካላችን ቅርጽ የሚወጣው በከፊል ከዚህ ምርጫ ነው።

ከካድሄሪኑ ጀርባ በሕዋሱ ውስጥ ካቴኒን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ቤታ ካቴኒን ሁለት ሥራ አለው፤ በመጋጠሚያው ላይ ሲሆን ካድሄሪኑን አክቲን ከሚባለው ተንቀሳቃሽ ክር ጋር ያገናኛል፤ ወደ ሕዋሱ አስኳል ሲገባ ደግሞ የሕዋሱን መባዛት የሚያዙ ዘረመሎችን ያስነሣል። አንድ ፕሮቲን ማሰሪያም መልእክተኛም ሆኖ ማየት የጥያቄዎን ሁለት ክፍሎች በአንድ ቦታ እንደማግኘት ነው። ካንሰር ላይም ይህ ጉዳይ ይነሣል። ሎቡላር በሚባለው የጡት ካንሰር ዓይነት ሕዋሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ኢ ካድሄሪንን ያጣሉ፤ በናሙናው ላይም ተሰባስበው እብጠት ከመሥራት ይልቅ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ፤ በእጅ ዳሰሳም ሆነ በራጅ ለማግኘት የሚያስቸግረው ከዚሁ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ በኒውዚላንድ በአንድ የማኦሪ ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነት የሚይዘው የጨጓራ ካንሰር የመጣው የዚህን ፕሮቲን ዘረመል በውርስ ከማጣት መሆኑ ታወቀ።

ጥብቁ መጋጠሚያ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው ያለው። አንጀታችንን ከውስጥ የሚሸፍነው አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ያ ረድፍ ከምግብ ጋር ያለፈውን ሁሉ ከደም ለይቶ መያዝ አለበት። በሕዋሳቱ መካከል ያለውን ስንጥቅ የሚዘጉትን ዋና ፕሮቲኖች ሾይቺሮ ጹኪታና ሚኪዮ ፉሩሴ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1998 አግኝተው ክላውዲን አሏቸው፤ መዝጋት ከሚለው የላቲን ቃል። እኔ ግን መዝጊያ ከማለት ወንፊት ማለት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ከ20 የሚበልጡ የክላውዲን ዓይነቶች አሉ፤ የትኛው ዓይነት የት እንደተሠራ በዚያ ቦታ ምን እንደሚያልፍ ይወስናል። በአንጀትና በኩላሊት አንዳንድ ክፍሎች የሚገኘው ክላውዲን 2 ሶዲየምንና ውሃን ያሳልፋል። በኮሌራ የሚሆነውን አስቡት፤ መርዙ ሕዋሳቱን ክሎራይድ ወደ አንጀቱ ክፍት ቦታ ያለማቋረጥ እንዲያፈሱ ያስገድዳቸዋል፤ ሶዲየም ደግሞ በሕዋሳቱ መካከል ባለው ወንፊት አልፎ ክሎራይዱን ይከተላል፤ ውሃም ሁለቱን ይከተላል። ኦአርኤስ ሲሰጥ መንገዱ ይገለበጣል፤ ስኳሩና ሶዲየሙ አብረው በሕዋሱ ውስጥ ወደ ደም ሲገቡ ውሃው፣ ከፊሉ በዚያው በመጋጠሚያው በኩል፣ ተከትሏቸው ይመለሳል። በኩላሊት ደግሞ ክላውዲን 16 የጎደላቸው ሰዎች ማግኒዚየምን ከሽንት መልሰው መያዝ እንደማይችሉ እ.ኤ.አ. በ1999 ታውቋል።

ለቆዳም ቢሆን ይህ መጋጠሚያ ቁም ነገር ነው። የቆዳን ውሃ የሚይዘው ከላይ ያለው የሞተው ቅርፊት ብቻ ነው ተብሎ ለብዙ ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ክላውዲን 1 የሌላቸው አይጦች በተወለዱ በአንድ ቀን ውስጥ ውሃቸው በቆዳቸው ተንኖ ሲሞቱ ታየ። ያቺ እናት ብዙ ቦታ ሲላጥባቸው ከማሰሪያው ጋር ይህም መከላከያ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚጠጡትን፣ የሚሸኑትንና የሰውነታቸውን ሙቀት የምትከታተሉት በቃጠሎ እንደተጎዳ ሰው መሆን አለበት።

አሁን ወደ ንግግሩ። ሕዋሳት በሩቅ የሚነጋገሩት በሆርሞን ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ግን ደጅ መውጣት ሳያስፈልግ ከውስጥ ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ በር አላቸው። ኤድዊን ፈርሽፓንና ዴቪድ ፖተር እ.ኤ.አ. በ1959 ክሬይፊሽ በሚባለው የውሃ እንስሳ ነርቭ ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት ያለ ምንም መካከለኛ ኬሚካል ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው በቀጥታ እንደሚያልፍ አሳዩ። በኋላ ላይ የታወቀው መተላለፊያ በመጻሕፍት ጋፕ ጀንክሽን የሚባለው ነው። በዚህ ቦታ ሁለቱ ሽፋኖች ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ድረስ ይቀራረባሉ። ኮኔክሲን የሚባሉ 6 ፕሮቲኖች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ቀዳዳ ይኖራል፤ ከጎረቤት ሕዋስ የመጡ ሌሎች 6 ደግሞ ፊት ለፊት ይገጥሟቸዋል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች ሲገናኙ አንድ ቱቦ ይሆናሉ። ወርዱ ወደ 1.5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ስኳርና ጥቃቅን የመልእክት ሞለኪዩሎች ያልፋሉ፤ ሞለኪዩላዊ ክብደቱ ከ1000 ዳልተን ብዙ የሚበልጥ፣ ለምሳሌ ፕሮቲን፣ አያልፍም። ስለዚህ ሕዋሳቱ ዜናውን ይካፈላሉ እንጂ ማንነታቸውን አይቀላቅሉም።

በሩ ይዘጋልም። አንድ ሕዋስ ሲሞት ውስጡ በካልሲየም ይጥለቀለቃል፤ ቱቦዎቹም የካልሲየሙ መብዛት ሲሰማቸው ይዘጋሉ። ባይዘጉ ኖሮ በአንድ ቦታ የደረሰ የልብ ጉዳት ጤነኞቹን ጎረቤቶች እየጎተተ ይሄድ ነበር። በሩ ሁልጊዜ ይታደሳል፤ ከተሠሩት ኮኔክሲኖች ግማሾቹ ከ1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፈርሰው በአዲስ ይተካሉ። ማሕፀንን ብንወስድ፣ በእርግዝናው ብዙ ወራት ውስጥ በጡንቻ ሕዋሳቱ መካከል እነዚህ በሮች ጥቂት ናቸው፤ ምጥ ሲቃረብ ኮኔክሲን 43 በብዛት ይሠራል፤ ተበታትኖ የነበረው ቁርጠትም ልጁን ወደሚገፋ የተባበረ ምጥ ይለወጣል። በጆሮ ውስጥ ኮኔክሲን 26 ሲጎድል ልጆች ከመወለዳቸው ጀምሮ ሳይሰሙ ይቀራሉ፤ በብዙ የአውሮፓና የእስያ ሕዝቦች ዘንድ በውርስ የሚመጣ የመስማት ችግር ዋነኛ ምክንያት ይህ ሲሆን ከሰሃራ በታች ባሉ አብዛኞቹ ሕዝቦች ግን ብዙም አይታይም።

ልብ ላይ ግን ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ መያያዝና መነጋገር የማይነጣጠሉ ናቸው ያልኩት እዚያ በግልጽ ስለሚታይ ነው። የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ጫፍ ለጫፍ በሚገናኙበት ቦታ ዴስሞሶም፣ መቀነታዊው ማያያዣና መተላለፊያው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ምልክቱ በመተላለፊያው ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ይሮጣል፤ ልቡ ተስማምቶ ይኮማተራል፤ በእያንዳንዱ ኩምትሪያ የሚመጣውን ጉተታ ደግሞ ማሰሪያዎቹ ይሸከማሉ። በኤጅያን ባሕር ላይ ባለችው የግሪክ ደሴት በናክሶስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1986 የገለጹት አንድ የውርስ ሕመም አለ። ልጆቹ ሲወለዱ ጠጉራቸው እንደ ሱፍ የተጠቀለለ ነው፤ መዳህና እጃቸውን መጠቀም ሲጀምሩ መዳፋቸውና ውስጥ እግራቸው እየወፈረ ይሄዳል፤ በጉርምስና ዕድሜ ደግሞ ልባቸው ምቱን ይስታል፤ አንዳንዶቹም በድንገት ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 መንስኤው ሲገኝ በዴስሞሶም ንጣፍ ውስጥ ያለው ፕላኮግሎቢን የሚባለው ፕሮቲን መበላሸት ሆነ። የተበላሸው ማሰሪያው ነው፤ የመተላለፊያው ፕሮቲን ዘረመል ምንም አልሆነም። ሆኖም የእነዚህ ሰዎች ልብ ሲመረመር ኮኔክሲን 43 ከመጋጠሚያው ላይ ቀንሶ ተገኘ፤ ይህም የልቡ ጡንቻ ገና በጠባሳና በስብ መተካት ሳይጀምር የተገኘ ለውጥ ነበር። ሁለቱን ሽፋኖች አጥብቆ አቀራርቦ የሚይዝ ከሌለ 2 ናኖሜትር በሆነ ክፍተት ላይ ቱቦ ገጥሞ ማቆየት አይቻልም። ለቆዳ ክፍል ባለሙያ የሚጠቅመው ነገርም እዚህ አለ፤ የመዳፍ መወፈርና የሱፍ ጠጉር በአንድ ልጅ ላይ አብረው ካገኙ፣ በተለይም በቤተሰቡ ድንገተኛ ሞት ከተነገረ፣ የልብ ምርመራ እንዲታዘዝለት ያሳስቡ።

ወደ ሕመምተኛዎ ልመለስ። የመከላከያን ሥራ የሚያዳክመው መድኃኒት ስቴሮይድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥቅም ላይ መዋል ከመጀመሩ በፊት ፔምፊገስ ቩልጋሪስ የያዛቸው አብዛኞቹ ሰዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በኢንፌክሽንና በፈሳሽ መጥፋት ይሞቱ ነበር። ዛሬ የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ ፀረ አካል አምራቾቹን ሕዋሳት የሚቀንሰውና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚህ ሕመም የተፈቀደው ሪቱክሲማብ ጭምር፣ በዋናነት ፀረ አካሉ እንዳይመረት ያደርጋሉ። ቀድሞ በደም ውስጥ ያለው ፀረ አካል ግን ለመጉደል ጊዜ ይፈልጋል፤ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ 3 ሳምንት ያህል ይወስድበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አዳዲስ ቋጠሮዎች ቢወጡ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት እንዳልሆነ ለእርሳቸውም ለልጆቻቸውም ይንገሯቸው።

ቆዳቸው በጣት ሲገፋ መላጡ ኒኮልስኪ የሚባለው ምልክት ነው፤ አንዴ ከታየና ከተመዘገበ በኋላ ግን ተማሪ ሁሉ እየመጣ እንዳይሞክረው ይከላከሉላቸው። ፕላስተር በቆዳቸው ላይ አይለጠፍ፤ ቫዝሊን ያለው ጎዝ ተደርጎ በላዩ በፋሻ በልል ይጠቅለል። ከአልጋ ሲያነሷቸው በአንሶላው ደግፈው ያንሡ እንጂ በብብታቸው ይዘው አይጎትቱ፤ ደም ግፊት ሲለኩም ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ያድርጉ። ምግባቸው የቀዘቀዘና ቅመም የሌለው፣ በርበሬ ያልነካው ይሁን። ለፀረ አካል ምርመራ ሁለተኛ ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ከቋጠሮው አጠገብ ካለው ያልተላጠ ቆዳ ይወሰድ፤ ናሙና ማቆያ በሆነው ፈሳሽ በፎርማሊን ውስጥ እንዳይገባም ይጠንቀቁ፤ ፎርማሊን ፀረ አካሉን እንዳናይ ያደርገናል። በትክክል ሲወሰድ ፀረ አካሉ በእያንዳንዱ ሕዋስ ዙሪያ እያበራ ቆዳው መረብ መስሎ ይታያል።

ስለ ጠባሳ መጠየቃቸው አይቀርም። የታችኛው ረድፍ በመሠረቱ ላይ ስለቀረ አዲሱ ቆዳ የሚበቅለው ከእሱ ነው፤ ፀረ አካሉ ሲጎድል ረድፉ ወደ ላይ የሚልካቸው ሕዋሳት አዲስ ዴስሞግሌይን ሠርተው እንደገና ይተሳሰራሉ። ኢንፌክሽን ካልገባበት በአብዛኛው ጠባሳ አይተውም፤ የሚቀረው የቆዳ መጥቆር ነው፤ እሱም ቀስ እያለ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል።